መዛል፣ መውደቅ፣ መቆም፦ ራስን የመሳት ትርጉም በቅዱሳት መጻሕፍትና በክርስትና ታሪክ

መግቢያ

ሰው ራሱን ስቶ ሲወድቅ በዙሪያው ካሉት መካከል አንዱ ውሃ ሊያመጣ ይሮጣል፤ ሌላው ቆሞ ምክንያት ይፈልጋል። በለቅሶ ቤት ልጇን የቀበረች እናት ስትወድቅ «ተይ፣ ተስፋ እንደሌላቸው አትሁኚ፤ ይህ ፈጣሪን ማማረር ነው» የሚል ተግሣጽ ይሰማል። በጠበል ቦታ የወደቀው ርኩስ መንፈስ እንዳደረበት ይነገርለታል። በአንዳንድ የጸሎት ጉባኤ የወደቀው ደግሞ መንፈስ ቅዱስ እንደጎበኘው ይመሰከርለታል። ውጫዊ ድርጊቱ አንድ ሲሆን የሚሰጠው ፍርድ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ወገኖች መጽሐፍ ቅዱስን ምስክር አድርገው ይጠራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ ራሱ፣ እንዲሁም ከእርሱ በኋላ የመጣው የክርስትና ሥነ ጽሑፍና ሥዕል፣ ስለ ራስ መሳት ምን እንደሚሉ መመርመር ነው። ሃይማኖታዊ ትምህርት ለመስጠት አልተነሣሁም፤ የሕክምና ማብራሪያ ማቅረብም ሥራዬ አይደለም። የማደርገው ቃልን ከቃል፣ ትረካን ከትረካ ማስተያየት ነው። በቅድሚያ ቃላቱን እመለከታለሁ፤ ቀጥዬም የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ትረካዎችን በሁለት ከፍዬ አያለሁ፤ ከዚያም ከመስቀሉ ሥር ስለቆመችው እናት በምዕራቡ ዓለም የተነሣውን ረጅም ክርክር እተርካለሁ፤ በመጨረሻም ተመስጦንና ሞትን ከራስ መሳት ለመለየት የተደረጉትን ጥረቶች በአጭሩ አነሣለሁ። ክርክሬ ይህ ነው፦ ቅዱሳት መጻሕፍት ራስን መሳትን በራሱ የኃጢአትም ሆነ የጽድቅ ምልክት አያደርጉትም፤ ትኩረታቸው ከውድቀቱ በኋላ በሚዘረጋው እጅ ላይ ነው።

1. ቃላቱ ምን ይላሉ?

በአማርኛ ራስን መሳት የሚነገርባቸው ቃላት ብዙ ናቸው። ሰው «ራሱን ሳተ»፣ «ነፍሱን ሳተ»፣ «ኅሊናውን ሳተ»፣ «ተዝለፈለፈ» ይባላል። «ሳተ» ከግእዙ «ስሕተ» የወረደ ነው፤ «ስሕተት»ም የሚወጣው ከዚሁ ሥር ነው። ዒላማውን የሳተ ተኳሽ፣ መንገዱን የሳተ መንገደኛና ራሱን የሳተ ሕመምተኛ በአንድ ግሥ ይነገራሉ። እርግጥ ነው፣ ሥረ ቃል ብቻውን ትርጉም አይወስንም፤ «ራሷን ሳተች» የሚል ሰው ሴትዮዋን በደለኛ ማለቱ አይደለም። ሆኖም ቃሉ የጥፋትን ጥላ ይዞ መምጣቱን መካድ አይቻልም። በአንጻሩ የወደቀው ሲመለስ «ነፍስ ዘራ» እንላለን። ይህ የገበሬ አነጋገር ነው፤ ነፍስ የጠፋች ሳትሆን መሬት ውስጥ ገብታ እንደምትበቅል ዘር ተቆጥራለች።

የዕብራይስጡ ቃላት በሌላ አቅጣጫ ይሄዳሉ። «ዓየፍ» የሚለው ከመንገድ፣ ከሥራ ወይም ከውሃ ጥም የሚመጣውን ድካም ይገልጻል፤ ዔሳው ከዱር የተመለሰው በዚህ ሁኔታ ነበር። «ዓለፍ» የሚለው ግሥ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ መሸፈን፣ መከናነብ ማለት ሲሆን በሌላ ቦታ ራስን መሳት ማለት ነው። ትዕማር በመንገድ ዳር መከናነቧ (ዘፍ. 38፥14)፣ ዮናስም በነነዌ አጠገብ ፀሐይ ራሱን ሲመታው መዝለፍለፉ (ዮናስ 4፥8) በዚሁ ግሥ ተነግረዋል። ራሱን የሚስት ሰው ዓይኑ ላይ ጨለማ እንደሚወርድበት ለሚያውቅ ይህ ዝምድና እንግዳ አይሆንም።

በግሪኩ ሐዲስ ኪዳን ዋነኛው ቃል «ኤክሉዎ» ነው፤ መፍታት፣ ማላላት ማለት ነው። የተወጠረ ገመድ እንደሚላላ ሁሉ ጅማትም ይላላል። ኢየሱስ ሦስት ቀን ከእርሱ ጋር የቆየውን ሕዝብ ጾሙን ሊያሰናብት አለመፈለጉ የተነገረው በዚህ ግሥ ነው (ማቴ. 15፥32)። በገላትያ 6፥9 በጎ ሥራ ለሚሠሩ፣ በዕብራውያን 12፥3 ደግሞ መከራን ለሚታገሡ ምእመናን የተሰጠው ምክርም በዚሁ ግሥ የቀረበ ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች «ዛለ» በሚለው ቃል መጠቀሙ በእኔ አስተያየት የሚደነቅ ምርጫ ነው። «ክንዴ ዛለ» የሚል ገበሬ የሚናገረው ስለ ሥጋው ነው፤ ያው ቃል ስለ ነፍስ ሲነገርም የሥጋውን ክብደት አይለቅም። የተራበው ሕዝብ መዛልና የአማኙ መዛል በአንድ ቃል በመጠራታቸው አንባቢው ሁለቱን በአንድ ዓይን እንዲያይ ይገደዳል።

ሌሎቹ ሁለት ቃላት ከሉቃስ ወንጌል ናቸው። የአንዲቱ መበለትና የዓመፀኛው ዳኛ ምሳሌ የሚከፈትበት ግሥ «ኤንካኬኦ» ነው (18፥1)፤ ልብ ማጣት፣ ተስፋ መቁረጥ ማለት ሲሆን አማርኛው «ታከተ» ብሎታል። በዓለም ፍጻሜ ትንቢት ውስጥ ያለው ግን «አፖፕሲኾ» ነው (21፥26)፤ ቃል በቃል ነፍስን ተንፍሶ ማውጣት ነው። አማርኛው እዚህ ላይ «ደከመ» ብሎ አልፏል። «ነፍሱን ሳተ» የሚለው የራሳችን አነጋገር ከግሪኩ ጋር ይበልጥ በተቀራረበ ነበር።

2. የመንገድና የረኃብ ዝለት

ከላይ የተነሡት ቃላት ባለቤት ያገኙት በትረካዎቹ ውስጥ ነው። የብሉይ ኪዳን ጸሐፊዎች ሰው ደክሞ ሲወድቅ ሲተርኩ የወደቀውን ሰው እምነት አይመዝኑም፤ የሚመዝኑት በአጠገቡ የነበረውን ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ዔሳው ነው (ዘፍ. 25)። ዔሳው ብኩርናውን በማቃለሉ ሲወቀስ ኖሯል፤ ወቀሳውም ከትረካው የመጣ ነው። ነገር ግን ትረካው ያዕቆብንም ነጻ አያወጣውም። ወንድሙ ደክሞ ሲመጣ ወጡን በዋጋ ሸጦለታል። ብዙ ዘመን አልፎ ያዕቆብ ራሱ የዮሴፍን በሕይወት መኖር ሲሰማ ልቡ ደነዘዘ (ዘፍ. 45፥26)፤ መንፈሱ የታደሰውም ልጁ የላካቸውን ሠረገሎች ካየ በኋላ ነው። አንዱ በረኃብ፣ ሌላው በደስታ ዜና ተሸነፈ፤ ለሁለተኛው የደረሰለት ነገር ግን በዋጋ የሚለካ አልነበረም።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 8 ጌዴዎንና 300 ሰዎቹ ደክመው እያሳደዱ ዮርዳኖስን ይሻገራሉ። የሱኮትን ሹማምንት እንጀራ ቢለምኑ ሹማምንቱ የጠላት ነገሥታት አስቀድመው መያዝ አለመያዛቸውን ጠየቁ፤ የጵኑኤል ሰዎችም እንዲሁ መለሱ። ጌዴዎን ሲመለስ ሁለቱንም ከተሞች ቀጣ። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ ትረካው የሚያሳስበው ግን ለደከመ ሰው እንጀራ ከመስጠት በፊት የድል ማስረጃ መጠየቅ ምን ያህል አስከፊ እንደሆነ ነው።

በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 14 ደግሞ ሳኦል እስከ ማታ እህል የሚቀምስ ርጉም ይሁን ብሎ ሠራዊቱን አስማለ። ሕዝቡ በጫካ ውስጥ ማር ሲፈስ እያየ እጁን ወደ አፉ ለማድረስ ፈራ። መሐላውን ያልሰማው ዮናታን ቀመሰ፤ ዓይኑም በራ። አባቱ ምድሪቱን እንዳስጨነቀ የተናገረውም ያን ጊዜ ነው። ይህ ትረካ ለሃይማኖት ታሪክ ተማሪ ትልቅ ፍሬ አለው። ጾም ራሱ አልተነቀፈም፤ የተነቀፈው አለቃ ለራሱ ክብር ብሎ በሌላው ሥጋ ላይ የጫነው ጾም ነው። ውጤቱም ተተርኳል፤ የዛለው ሕዝብ በምርኮው ላይ ተጣድፎ ሥጋውን ከነደሙ በላ። ያው ሳኦል በሕይወቱ መጨረሻ አካባቢ በዓይንዶር ሙሉ ቁመቱን በምድር ላይ ተዘረረ፤ ቀኑንና ሌሊቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም ነበር (1 ሳሙ. 28)። ያነሣችው እርሱ ራሱ ሙያዋን በሞት ቅጣት ከልክሎት የነበረችው ሴት ናት። የሰባ ጥጃዋን አረደች፤ ቂጣ ጋገረች፤ አበላችው። ሕጉ ሙያዋን ያወግዛል፤ ትረካው ግን ቸርነቷን አልደበቀም።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው የቦሦር ወንዝ ታሪክ ነው (1 ሳሙ. 30)። የዳዊት 600 ሰዎች ጺቅላግ ተቃጥላ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ተማርከው አገኙ። እስኪደክሙ አልቅሰው ማሳደድ ሲጀምሩ 200ው ወንዙን መሻገር አቅቷቸው ከዕቃው ጋር ቀሩ። በመንገድ ላይ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ያልበላና ያልጠጣ ግብፃዊ አገልጋይ ወድቆ ተገኘ፤ ታሞ ስለነበር ጌታው ጥሎት ሄዷል። እንጀራ፣ ውሃ፣ የበለስ ጥፍጥፍና ሁለት የዘቢብ ዘለላ ሰጡት፤ መንፈሱም ተመለሰለት። መንገዱን የመራቸው ይህ የተጣለ ሰው ነው። ድል ሆኖ ሲመለሱ ከ400ዎቹ አንዳንዶች የደከሙት ከምርኮው አይካፈሉም አሉ። ዳዊት ግን ወደ ሰልፍ የወረደውና በዕቃው ዘንድ የተቀመጠው እኩል እንዲካፈሉ አዘዘ፤ ይህም በእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ። እኔ እስከማየው ድረስ ድካም በደል አይደለም የሚለው አሳብ በሕግ መልክ የተደነገገበት ከዚህ የጎላ የመጽሐፉ ክፍል የለም።

የሐዲስ ኪዳኑ የኅብስት ትረካም ከዚህ መስመር አይወጣም። ሕዝቡ በመንገድ እንዳይዝል የተሰጠው መልስ ሰባት እንጀራና ጥቂት ዓሣ ነበር። ሰቆቃወ ኤርምያስ ግን ያ እጅ ሳይዘረጋ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያሳያል (2፥11-12)። በከተማዪቱ አደባባይ ሕፃናት ይዝላሉ፤ እናቶቻቸውን እህል ይጠይቃሉ፤ በእቅፋቸውም ነፍሳቸው ይፈስሳል። ባለቅኔው የሕፃናቱን እምነት አልመረመረም፤ ዓይኑ በእንባ ደከመ እንጂ።

3. በግርማ ፊት መውደቅ

ሁለተኛው ዓይነት ትረካ የነቢያት ነው። ሕዝቅኤል የክብሩን አምሳል ባየ ጊዜ በግንባሩ ተደፋ፤ መንፈስ ገብቶበት በእግሩ አቆመው። ዳንኤል በምዕራፍ 8 በግንባሩ ወድቆ በከባድ እንቅልፍ ሲያዝ መልአኩ ዳስሶ አቆመው። በምዕራፍ 10 ደግሞ ሦስት ሳምንት አዝኖ፣ ከሥጋና ከወይን ተከልክሎ ከቆየ በኋላ በጤግሮስ ወንዝ ዳር ኃይሉን ሁሉ አጣ። እጅ በጉልበቱና በመዳፉ አቆመው፤ ዳግመኛ ከንፈሩ ተዳሰሰ፤ በሦስተኛው በረታ። ዮሐንስ በፍጥሞ እንደ ሞተ ሰው ሲወድቅ ቀኝ እጅ ተጭኖበት እንዳይፈራ ተነገረው።

ከእነዚህ ሁሉ ዝርዝሩ የሚበልጠው በመጽሐፈ ሄኖክ ያለው ነው። በምዕራፍ 14 ሄኖክ የእሳቱን ቤት አይቶ እየተንቀጠቀጠ በግንባሩ ይወድቃል፤ በምዕራፍ 60 መንቀጥቀጥ ይይዘዋል፤ ወገቡ ይፈታል፤ ኩላሊቱ ይቀልጣል። ሚካኤል ሌላ መልአክ ልኮ ያነሣዋል፤ ያን ጊዜ መንፈሱ ይመለስለታል። በምዕራፍ 71ም ሥጋው ሁሉ ይቀልጣል። የሄኖክ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ መሆኑ ይታወቃል። በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮች ቢገኙም ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል ከእነርሱ መካከል የለም። ስለዚህ በምዕራፍ 60 ያለውን ትረካ ዓለም ያወቀው በግእዙ በኩል ነው። የቦሦሩ ግብፃዊና ሄኖክ አንዱ ከረኃብ፣ ሌላው ከመላእክት ሠራዊት እይታ የተነሣ ወደቁ፤ የተመለሱት ግን በአንድ አነጋገር ነው፤ የሁለቱም መንፈስ ተመለሰ።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በራእይ ትረካዎች ውስጥ መልእክቱ የሚሰጠው ባለ ራእዩ ከተነሣ በኋላ ነው። መውደቁ ፍጡር መሆኑን ያሳያል፤ ነቢይ የሚሆነው ግን ቆሞ ሲሰማ ነው። ዳንኤል ከራእዩ በኋላ አያሌ ቀን ታመመ፤ ሲነሣም ወደ ንጉሡ ሥራ ተመለሰ (8፥27)። ጸሐፊው ይህን አስተዳደራዊ ዝርዝር መጻፉ በከንቱ አይመስለኝም። በራስ መሳቱ የሚመካ ነቢይ በመጽሐፉ አላገኘሁም።

የአስቴር ታሪክ ይህንን የግርማ ትረካ ወደ ሰው ቤተ መንግሥት ያወርደዋል። በዕብራይስጡ አስቴር ሦስት ቀን ከጾመች በኋላ በውስጠኛው አደባባይ ትቆማለች፤ ንጉሡም የወርቁን ዘንግ ይዘረጋላታል። በግሪኩ ግን ሰፊ ጭማሪ አለ። አንዲት ደንገጥር ደግፋት፣ ሌላዪቱ የልብሷን ዘርፍ ይዛላት ትገባለች። ንጉሡ በቁጣ ሲያያት መልኳ ተለውጦ ትወድቃለች፤ እግዚአብሔር የንጉሡን መንፈስ ወደ የዋህነት ይለውጣል፤ ንጉሡም ከዙፋኑ ዘሎ ያቅፋታል። እየተናገረችውም ዳግመኛ ትወድቃለች። ሄሮኒሞስ ይህን ጭማሪ በላቲኑ ትርጉም ከመጽሐፉ መጨረሻ ለይቶ አኖረው። የግእዙ መጽሐፈ አስቴር የተተረጐመው ከግሪኩ ስለሆነ የኢትዮጵያ ሊቃውንት የወረሱት ባህል ከዚሁ ወገን ነው። በዕብራይስጡ ያለችው አስቴር የምታሸንፈው በመቆም ነው፤ የግሪኩ አስቴር ደግሞ ወድቃ ታሸንፋለች። ሁለቱም ሕዝባቸውን አድነዋል፤ በድፍረታቸውም መካከል ብልጫ አላይም። የግሪኩ ጸሐፊ የፈለገው ንጉሡ ከዙፋኑ እንዲወርድ ነው፤ ለዚያም የወደቀች ንግሥት አስፈለገችው።

4. ከመስቀሉ ሥር፦ ቆመች ወይስ ወደቀች?

በክርስትና ታሪክ ስለ ራስ መሳት የተደረገው ትልቁ ክርክር የተነሣው በአንዲት ግሥ ላይ ነው። የዮሐንስ ወንጌል በ19፥25 የኢየሱስ እናት በመስቀሉ አጠገብ ቆማ እንደነበረ ይናገራል፤ ከዚህ በላይ ስለ ሁኔታዋ አይጨምርም። በ4ኛው መቶ ዓመት የሚላኖው አምብሮስ በንጉሥ ቫሌንቲኒያኖስ ሞት ላይ ባሰማው ንግግር፣ መቆሟን ማንበቡን፣ ማልቀሷን ግን አለማንበቡን ገልጿል። በዚህ አባባል መቆም የወንጌል ቃል ብቻ ሳይሆን የጽናት መለኪያ ሆነ።

ሕዝባዊው ትረካ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። የጲላጦስ ሥራ በመባል የሚታወቀው የአዋልድ መጽሐፍ፣ ዘግይቶ በተዘጋጀው የግሪክ ቅጂ፣ ማርያም ልጇን ባየች ጊዜ ወደ ኋላ ወድቃ ብዙ ሰዓት እንደተኛች ይተርካል። በ14ኛው መቶ ዓመት በፍራንቸስካውያን ዘንድ የተጻፈውና ለቦናቬንቱራ ተሰጥቶ የኖረው «የክርስቶስ ሕይወት አስተንትኖ» ጎኑ በጦር ሲወጋ እናቱ በመግደላዊት ክንድ ላይ እንደ ሙት መውደቋን ይገልጻል። ለዚህ ድጋፍ የሆነው የስምዖን ትንቢት ነበር (ሉቃስ 2፥35)፤ በነፍሷ የሚያልፈው ሰይፍ በዚህ ሰዓት ደረሰ ተባለ።

ሥዕልና ቅርጽም ይህንኑ ተከተሉ። ኒኮላ ፒዛኖ እ.ኤ.አ. በ1260 በፒዛ በሠራው አትሮንስ ላይ፣ ጆቶም እ.ኤ.አ. በ1305 አካባቢ በፓዱዋ በሣለው ስቅለት ማርያም በሰዎች ክንድ ተደግፋ ስትወድቅ ትታያለች። የሁሉ ቁንጮ ሮጊር ቫን ደር ዋይደን እ.ኤ.አ. በ1435 አካባቢ የሣለው፣ አሁን በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም ያለው ሥዕል ነው። ከመስቀል የሚወርደው ልጅና የምትወድቀው እናት አካላት በአንድ ዓይነት መታጠፍ ተሥለዋል፤ ክንዷ እንደ ክንዱ ተንጠልጥሏል። ሠዓሊው በቃል ያልተጻፈ ትምህርት አስተምሯል፤ ይኸውም እናቲቱ የልጇን ሞት በሥጋዋ ተካፍላለች የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1506 ለዚህ ራስ መሳት የተለየ በዓል እንዲደነገግ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዩልዮስ 2ኛ ጥያቄ ቀረበ። መልስ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው የዶሚኒካን ሊቅ ቶማሶ ዴ ቪዮ፣ በተለምዶ ካየታን የሚባለው፣ በዚያው ዓመት ድርሳን ጻፈ። ክርክሩ ሁለት ዓምድ አለው። አንደኛ፣ ነገሩ በወንጌል አልተጻፈም፤ እንዲያውም ከመቆሟ ጋር ይጋጫል። ሁለተኛ፣ ራስን መሳት አእምሮን ስለሚያግድ ሐዘኗን በሙሉ ልቡና ከመቀበል ያግዳታል፤ ጸጋ ለተመላች እናትም አይስማማም። በዓሉ አልተፈቀደም። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ራፋኤል በፓሌርሞ ለነበረው «ሳንታ ማሪያ ዴሎ ስፓዚሞ» ገዳም የሣለው ሥዕል ርእሱን ከዚህ ጭንቅ ቢወስድም፣ ማርያም በጉልበቷ ተንበርክካ እጆቿን ወደ ልጇ ትዘረጋለች እንጂ ራሷን አልሳተችም።

በእኔ ግምት የካየታን የመጀመሪያ ክርክር የማይነቀነቅ ነው፤ ሁለተኛው ግን ያዳልጣል። ጽሑፉ ቆማ ነበር ካለ ቆማ ነበር። ነገር ግን ራስን መሳት ከጸጋ ጋር የማይሄድ ጉድለት ነው ከተባለ ዳንኤልንና ዮሐንስን ምን ልናደርጋቸው ነው? እንዲህ ያለው መለኪያ ከሊቃውንት ድርሳን ወጥቶ ወደ ለቅሶ ቤት ሲወርድ ሐዘን የሰበራትን እናት ሁለተኛ ይሰብራታል። ወንጌላዊው ስለ አንዲት እናት የመሰከረውን ቃል በሌሎች እናቶች ላይ ፍርድ አድርጎ ማንበብ ትረካን ወደ ሕግ መለወጥ ነው።

የኢትዮጵያ ባህል በዚህ ረገድ የራሱ ሚዛን አለው። በተለመደው የስቅለት ሥዕል እመቤታችንና ዮሐንስ በመስቀሉ ግራና ቀኝ ይቆማሉ። በአንጻሩ ለብህንሳው ሕርያቆስ የሚሰጠው «ላሐ ማርያም» ከስሙ ጀምሮ ልቅሶ ነው፤ አምብሮስ አላነበብኩትም ያለውን እንባ ሳያፍር ያፈስሰዋል። ሥዕሉ ያቆማታል፤ ድርሳኑ ያስለቅሳታል። ሁለቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳይጣሉ ኖረዋል። መቆምና ማልቀስ ተቃራኒ አለመሆናቸውን ከማንኛውም ድርሳን በላይ ይህ አብሮ መኖር ያስረዳል።

5. ተመስጦ ወይስ ድካም?

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ሰገነት ላይ ያገኘውን ሁኔታ «ተመስጦ» ይለዋል (ሐዋ. 10፥10)። ቃሉ ከግእዙ «መሠጠ» ማለትም ነጠቀ ከሚለው ነው። ጸሐፊው ጴጥሮስ ተርቦ እንደነበረና ምግብ እየተዘጋጀለት እንደነበር አስቀድሞ ይናገራል። ራእዩም ስለሚበላና ስለማይበላ ነገር ነው። ረኃቡ ራእዩን አላረከሰውም፤ ራእዩም ረኃቡን አልካደም።

ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ከመረመሩት አንዷ የአቪላዋ ቴሬዛ ናት (እ.ኤ.አ. 1515-1582)። ቤርኒኒ እ.ኤ.አ. ከ1647 እስከ 1652 በሮም ሳንታ ማሪያ ዴላ ቪቶሪያ ባቆመው ቅርጽ የተነሣ ዓለም የሚያውቃት ራሷን ስታ እንደወደቀች አድርጎ ነው። እርሷ ግን እ.ኤ.አ. በ1577 በጻፈችው «የውስጥ ግንብ» አንዳንድ መነኮሳት በጾምና በትጋት ብዛት ከደከሙ በኋላ የሚይዛቸውን መፍዘዝ ተመስጦ ብለው እንዳይጠሩት ታስጠነቅቃለች። በስፓንኛ የመነጠቅንና የመጃጃልን ቃላት በድምፅ አጋጥማ ትቀልዳለች። መድኃኒቱንም ትሰጣለች፤ እመ ምኔቷ ጾማቸውን ታቅልል፤ በደንብ ይብሉ፤ ይተኙ። ዮናታን ማር ቀምሶ ዓይኑ ከበራበት ትረካ ጋር ይህ ምክር ይመሳሰላል።

በፕሮቴስታንቱም ወገን ጥያቄው ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1739 ጆን ዌስሊ በብሪስቶል ሲሰብክ ሰዎች እየጮኹ ሲወድቁ በማስታወሻው መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1801 በኬንታኪ ኬን ሪጅ በተደረገው ታላቅ የመስክ ጉባኤም ብዙዎች ወድቀዋል። ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1741፣ ጆናታን ኤድዋርድስ ባሳተመው ድርሳን እንዲህ ያለው የሥጋ ምልክት መንፈሱ ከእግዚአብሔር ለመሆኑም ላለመሆኑም ማስረጃ እንደማይሆን አስረድቷል፤ የሚታየው ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ቴሬዛና ኤድዋርድስ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሁለት ባህሎች ልጆች ናቸው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ወደ አንድ ቦታ ደርሰዋል።

ርኩስ መንፈስ ስላደረበትም ልጅ ቢሆን ትረካው ተመሳሳይ ነው (ማር. 9፥26-27)። መንፈሱ ከወጣ በኋላ ልጁ እንደ ሞተ ሆነ፤ ብዙዎችም ሞተ አሉ። ኢየሱስ እጁን ይዞ አስነሣው። የታሪኩ መዝጊያ የልጁ መውደቅ አይደለም፤ መነሣቱ ነው።

6. ሞት ወይስ ሰመመን?

ራስን መሳት ከሞት ጋር መመሳሰሉ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን ሌላ ክርክር ወለደ። ካርል ፍሪድሪሽ ባርት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1828 የኢየሱስን ሕይወት የጻፈው ሃይንሪሽ ፓውሉስ፣ ኢየሱስ በመስቀል ላይ ራሱን ሳተ እንጂ አልሞተም የሚል አስተያየት አቀረቡ። ዓላማቸው ትንሣኤን ያለ ተአምር ማስረዳት ነበር። ማርቆስ ግን ጲላጦስ ፈጥኖ በመሞቱ ተደንቆ መቶ አለቃውን እንደጠየቀ፣ ዮሐንስም የጦሩን መውጋት ጽፈዋል።

ለዚህ አስተያየት ጠንካራውን መልስ የሰጠው ተአምርን የማይቀበለው ዳቪድ ፍሪድሪሽ ሽትራውስ መሆኑ ትምህርት ሰጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከመቃብር ግማሽ ሙት ሆኖ የወጣ፣ ቁስሉ መታሰር የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ደቀ መዛሙርቱን የሞት ድል አድራጊ ነኝ ብሎ ሊያሳምን አይችልም ሲል ተከራክሯል። ሽትራውስ በትንሣኤ አላመነም፤ ግን ትረካ ምን ዓይነት ምክንያት እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው እንክብካቤ ይሻል፤ ምእመናን ስለ ትንሣኤ የሚናገሩት ግን ሌላውን ስለሚያነሣ ሰው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትናቸው ትረካዎች በዘመን፣ በቋንቋና በዓላማ ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይገናኛሉ። የዛለው ሕዝብ እንጀራ አገኘ፤ ግብፃዊው በለስና ዘቢብ ተሰጠው፤ ሳኦልን የዓይንዶር ሴት አበላችው፤ ሄኖክንና ዳንኤልን መልአክ አነሣቸው፤ ዮሐንስ ቀኝ እጅ ተጫነበት፤ አስቴርን ንጉሥ ደገፋት። የወቀሳ ቃል የደረሰባቸው የሱኮት ሹማምንትና ምርኮውን ለደከሙት የከለከሉት ናቸው። የኢሳይያስ ትንቢት በምዕራፍ 40 የማይደክም እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን፣ ጎበዛዝት እንኳ እንደሚዝሉ ይናገራል። ይህ አባባል የሰውን ልክ የሚገልጽ እንጂ የሚወቅስ አይደለም።

የዘመኑ ሕክምናም ራስ መሳት በአብዛኛው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ሲቀንስ የሚመጣ መሆኑን፣ ሰውየው ሲጋደምም ደሙ መልሶ እንደሚደርስ ያስረዳል። መውደቁ ራሱ የሥጋ መፍትሔ ነው ማለት ይቻላል። ይህ ዕውቀት የትረካዎቹን ትርጉም አያፈርስም፤ ለትረካዎቹም ቢሆን ወሳኙ ነገር የወደቀበት ምክንያት አልነበረም።

ስለዚህ መጽሐፉን ምስክር የሚጠራ ሁሉ ምስክሩን እስከ መጨረሻው ቢሰማ መልካም ነው። «ራስን መሳት» በሚለው ቃላችን ውስጥ ስሕተት ተሸሽጓል፤ «ነፍስ መዝራት» በሚለው ውስጥ ደግሞ ዘሪ አለ። የወደቀውን ሰው ለመረዳት ሁለተኛው አነጋገር ወደ ቅዱሳት መጻሕፍቱ አሳብ ይበልጥ ይቀርባል፤ በአጠገቡ ለቆመውም ሰው የሥራ ድርሻ ይሰጠዋል።